ሕፃን ልጅና የቤት ኀዘን፤ በከሚሴና በአካባቢው ስላለው የመርዶና የማጽናናት ልማድ

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳሉ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለነቀፋ ነው፤ ጉዳቱ ቀላል የሆነ ሰው ጉዳቱ ከከበደው ጋራ እኩል ሲጮኽ ይጠቀስበታል። ነገር ግን ቃሉ እንደ ተነገረ ቢወሰድ ስለ ሕፃን ጠባይ አንድ ትልቅ እውነት ይዟል። ውሃ ልትቀዳ የወረደች እናት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትመለሳለች፤ የሞተችው ግን አትመለስም። ዐዋቂ ይህን ልዩነት ያውቃል። የሦስት ዓመት ሕፃን ግን ለጊዜው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም እናቱ በቤት አለመኖሯን ነው። ሁለቱ ሕፃናት እኩል የሚያለቅሱት ልዩነቱን የሚያስረዳቸው ሰው እስኪመጣ ድረስ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ልዩነት ለሕፃኑ ማን፣ መቼ፣ በምንስ ቃል ሊነግረው እንደሚገባ መመርመርና ለዚህም ሥራ በአገሩ ልማድ ውስጥ ምን መሣሪያ እንዳለ ማሳየት ነው።

፩. አገሩና ሕዝቡ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ የምትገኝ ከተማ ናት። በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሚያ ዞን ዋና ከተማም እርስዋ ናት። ዞኑ በምሥራቅ ከአፋር፣ በሌላው ወገን ከሰሜን ሸዋና ከደቡብ ወሎ ጋራ ይዋሰናል። ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ደዌ ሐረዋና ባቲ የሚባሉት ወረዳዎች በውስጡ ይገኛሉ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የነዋሪው ቍጥር ከ450 ሺህ በላይ ነበር። እጅግ የሚበዛው ሕዝብ የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ነው። የብዙው አፍ መፍቻ ቋንቋ ኦሮምኛ ሲሆን አማርኛም በሰፊው ይነገራል። ስለዚህ አንድ ሕፃን ስለ ሞት የሚሰማው ቃል ከሦስት ምንጭ ይቀዳል፤ ከኦሮምኛ፣ ከአማርኛና በቁርኣን ቤት ከሚለምደው ዐረብኛ።

፪. የኀዘኑ ሥርዐትና የሕፃኑ ስፍራ

በዚህ አገር ሞት ሲደርስ ሥራውን የሚያከናውነው ቅሬ ነው። ቅሬ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ዕድር ከሚባለው ጋራ የሚመሳሰል፣ በወሎ ሥር የሰደደ የጎረቤታሞች ማኅበር ነው፤ በብዙ ስፍራም ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት ያቅፋል። ሞቱ እንደ ተሰማ አባላቱ የእርሻ ሥራቸውን ትተው ይሰበሰባሉ፤ መቃብር የሚቈፍረው ይቈፍራል፣ ቃሬዛ የሚሸከመው ይሸከማል፣ ሴቶቹም ለኀዘንተኛው ቤት ምግብ ያዘጋጃሉ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ይቀጣል።

በእስልምና ሥርዐት መሠረት ሬሳው ታጥቦ፣ በከፈን ተጠቅልሎና የጀናዛ ሶላት ተሰግዶበት ሳይዘገይ፣ ከተቻለም በዕለቱ ይቀበራል። ይህ ፍጥነት ለሟቹ ክብር ነው፤ ለዐዋቂውም ሸክም ያቀልለታል። ለሕፃኑ ግን ሌላ መልክ አለው። ጠዋት ከብት ይዞ የወጣ ወይም ወደ ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ ማታ ሲመለስ አባቱን አያገኝም፤ የሚያገኘው የሰው ብዛት ነው። በመካከሉ የሆነውን ነገር አላየም።

ከቀብሩ ሌላ መርዶ የሚባል ልማድ አለ፤ ይህም በወሎ ብቻ ሳይሆን በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል የጸና ነው። የሞት ወሬ በድንገት፣ በመንገድ ላይ ወይም በማንም አፍ አይነገርም። ዘመዶች አስቀድመው ይመካከራሉ፤ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ይመረጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ጎሕ ሲቀድ፣ ኀዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ይደረስበታል፤ ደንግጦ ራሱን እንዳይጎዳ የሚይዙትም ሰዎች አብረው ይገባሉ። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንኳ ስልክ በእጃቸው እያለ ይህን ሥርዐት ይጠብቃሉ፤ ወሬው አስቀድሞ ለወዳጆች ይደርሳል፣ ወዳጆቹም ተሰብስበው ሄደው ያረዳሉ። እንግዲህ በመርዶ ውስጥ አምስት ነገሮች በጥንቃቄ ይታያሉ፤ ተናጋሪው፣ ጊዜው፣ ስፍራው፣ ቃሉና ደጋፊው።

ለሕፃን ግን መርዶ አይዘጋጅለትም። «ልጅ ምን ያውቃል» ይባልና ወደ ጎረቤት ይላካል፤ ወይም በለቅሶው መካከል ተረስቶ ይቀራል። ውሎ አድሮም ሞቱን የሚሰማው ከባልንጀሮቹ አፍ፣ በጨዋታ ወይም በጠብ መካከል ሊሆን ይችላል። ፈረንሳዊው ሮቤር ኸርትዝ በ1907 (እ.አ.አ.) ባሳተመው ታዋቂ ጥናቱ፣ የሞት ሥርዐት ስፋት ሟቹ በማኅበሩ ውስጥ በነበረው ስፍራ መጠን እንደሚለያይ፣ ስለዚህም የሕፃን ሞት በብዙ ሕዝቦች ዘንድ በአጭር ሥርዐት እንደሚታለፍ አስረድቷል። ነገሩን ገልብጦ ማየትም ይቻላል፤ ሲሞት አጭር ሥርዐት የሚደረግለት ሕፃን፣ ሲሞትበትም አጭር ሥርዐት ይደረግለታል። አርኖልድ ቫን ዠኔፕ በ1909 (እ.አ.አ.) እንዳመለከተው ደግሞ ኀዘን ለሟቹ ብቻ ሳይሆን ለቀሪዎቹም መሸጋገሪያ ነው፤ መግቢያና መውጫ አለው። በመግቢያው ያልገባ ሕፃን በመውጫው ሊወጣ አይችልም።

፫. ሕፃን ስለ ሞት የሚያውቀው

«ልጅ ምን ያውቃል» ለሚለው አባባል የሥነ ልቡና ጥናት መልስ አለው። ማሪያ ናጂ በ1948 (እ.አ.አ.) ባሳተመችው፣ በሃንጋሪ ከ3 እስከ 10 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ባደረገችው ምርመራ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ሞትን እንደ እንቅልፍ ወይም እንደ ጉዞ አድርገው እንደሚያስቡት፣ ከዚያ ከፍ ያሉት በሰው አምሳል እንደሚሥሉት፣ ከዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ ግን የማይቀርና ፍጻሜ ያለው ነገር መሆኑን እንደሚረዱ ገልጻለች። ማርክ ስፒስና ሳንዶር ብሬንት በ1984 (እ.አ.አ.) የብዙ ምርመራዎችን ውጤት አነጻጽረው ነገሩን በሦስት ከፈሉት፤ የሞተ አይመለስም፤ የሞተ አካል አይሠራም፤ ሕይወት ያለው ሁሉ ይሞታል። እንደ እነርሱ አስተያየት አብዛኞቹ ልጆች እነዚህን ሦስት ነገሮች የሚረዱት ከአምስት እስከ ሰባት ባለው ዕድሜ ነው።

የከሚሴ አካባቢ ልጅ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ከብት ይጠብቃል፤ ጥጃ ሲሞት ያያል፤ በአረፋ በዓል ቀን በግ ሲታረድ ይመለከታል። የሞተ እንስሳ እንደማይነሣና እንደማይበላ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። የሚጐድለው ይህን ዕውቀት ወደ ሰው የሚያሻግርለት ሰው ነው።

በሃይማኖት የሚያምን ቤተሰብ አንድ ጥያቄ ያነሣ ይሆናል፤ አካሉ ሞቷል፣ አይሰማም፣ አይበላም ማለት ሩሑ በአኼራ አለ ከሚለው እምነት ጋራ አይጋጭምን? ለዚህ በማዳጋስካር የቬዞ ሕዝብ መካከል ሪታ አስቱቲና ፖል ሃሪስ አድርገው በ2008 (እ.አ.አ.) ያሳተሙት ጥናት ጥሩ ብርሃን ይሰጣል። የቬዞ ሰዎች ስለ ሬሳ በሚናገር ታሪክ ሲጠየቁ የሟቹ ሥራ ሁሉ እንደ ቆመ ይመልሳሉ፤ ስለ መቃብርና ስለ ቀደሙት አባቶች በሚናገር ታሪክ ሲጠየቁ ግን ሟቹ እንደሚያውቅና እንደሚያስብ የሚናገሩት ይበዛሉ። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ራስ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ልጆች አስቀድመው የሚረዱት የአካሉን ነው፤ የመንፈሱን በኋላ ይጨምሩበታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ተፈጥሮን የተከተለ ሊሆን ይገባል፤ መጀመሪያ «አካሉ ከእንግዲህ አይተነፍስም፣ አይበርደውም፣ አይርበውም» ይባላል፤ ቀጥሎ ስለ አኼራ ይነገራል። ሕፃኑ አባቱ በመቃብር ውስጥ እንደሚጨንቀው ወይም እንደሚጨልምበት የሚያስበው ሁለተኛውን ብቻ ሰምቶ የመጀመሪያውን ሳይሰማ የቀረ እንደ ሆነ ነው።

፬. የቃል ጉዳይ

ዐዋቂዎች ሞትን በስሙ መጥራት ይከብዳቸዋል። በአማርኛ «አረፈ» ይባላል፤ በኦሮምኛም «ቦቆቴ» የሚለው ቃል እንዲሁ ዐረፈ ማለት ነው። ለዐዋቂ ይህ የአክብሮት አነጋገር ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ግን ዕረፍት ከእርሻ የተመለሰ አባት በጥላ ሥር የሚያደርገው ነገር ነው፤ ያረፈ ሰው ይነሣል። «ተኝቷል» ማለትም ከዚህ ይከፋል፤ ልጁ ራሱ ማታ መተኛትን እንዲፈራ ሊያደርገው ይችላልና። «አላህ ወደደውና ወሰደው» የሚለው ማጽናኛም ለሕፃን ሌላ ትርጕም ይሰጠዋል፤ የተወደደ የሚወሰድ ከሆነ ልጁ እንዳይወደድ ሊመኝ፣ ወይም ቀጥሎ የምትወሰደው እናቱ እንዳትሆን ሊሰጋ ይችላል።

የሁለቱ ቋንቋዎች ጎረቤትነት ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በኦሮምኛ ሞት «ዱአ» ሲባል በኀዘን ቤት የሚደረገው ጸሎት በዐረብኛ ዱዓ፣ በኦሮምኛ «ዱአኢ» ይባላል። ለሕፃን ጆሮ እነዚህ ቃላት እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። ሰዎቹ ተሰብስበው የሚሉት ምን እንደ ሆነ ቢገለጽለት ያን ስብሰባ የሞት ሳይሆን የምልጃ አድርጎ ይረዳዋል።

ከዚህም ሁሉ የሚረቀው አማርኛ ሞትን የፍቅር መግለጫ ማድረጉ ነው። እናት ልጅዋን ስታጐርስ «በሞቴ» ትላለች፤ ስትለምን «አፈር ስሆን» ትላለች፤ ስትቈጣ ደግሞ «አንተ ልጅ ትገድለኛለህ» ትላለች። ዐዋቂ ይህ የቃል ልማድ እንደ ሆነ ያውቃል። ትንሽ ልጅ ግን በዙሪያው የሚሆነውን ሁሉ ከራሱ ሥራ ጋራ ማያያዝ ይቀናዋል። ትናንት «በሞቴ» ተብሎ ጕርሻውን እንቢ ያለ ልጅ ዛሬ እናቱ ብትሞት እንቢታውንና ሞቷን አንድ ላይ ሊያስር ይችላል። ይህን ፍርሃት በአንደበቱ አያወጣውም። ስለዚህ ሳይጠይቅም ቢሆን «የሞተችው በሕመም ነው፤ አንተ ባልኸው ወይም ባደረግኸው ነገር አይደለም» ተብሎ ሊነገረው ይገባል።

፭. መሄድና መሞት

በዚህ አገር «ሩቅ አገር ሄዷል» የሚለው መሸፈኛ በተለይ አደገኛ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ከወሎና ከዚሁ ዞን ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ይሄዳሉ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ባስወጣች ጊዜ የጉዳዩ ስፋት ለሁሉ ተገልጧል። እንግዲህ በአንድ መንደር ውስጥ እናቱ በእውነት ዓረብ አገር የሄደችበትና እናቱ የሞተችበት ልጅ አብረው ይጫወታሉ። የመጀመሪያው ድምፅዋን በስልክ ይሰማል፤ ሁለተኛው አይሰማም። ለሁለተኛው «እናትህም ሄዳለች» ከተባለ፣ የማትደውልለት ስለማትወደው ነው ብሎ መደምደሙ የማይቀር ነው። ውሸቱ ከሞቱ የከፋ ቍስል ያተርፍለታል። የመጀመሪያውም ልጅ ቢሆን፣ «መሄድ» አንዳንድ ጊዜ መሞት ማለት እንደ ሆነ ሲደርስበት የእናቱን መመለስ መጠራጠር ይጀምራል።

ጄምስ ሮበርትሰን በ1952 (እ.አ.አ.) በሠራው ፊልም፣ ለስምንት ቀን ብቻ ወደ ሆስፒታል የገባች የሁለት ዓመት ልጅ ከወላጆችዋ በመለየትዋ የደረሰባትን ጭንቀት አሳይቷል። እርሱና ጆን ቦውልቢ ከእናት የተለየ ሕፃን በመጀመሪያ እንደሚቃወም፣ ቀጥሎ ተስፋ እንደሚቈርጥ፣ በመጨረሻም ስሜቱን እንደሚዘጋ ገልጸዋል። ይህ ሦስተኛው ደረጃ በዐዋቂዎች ዘንድ «ረሳ፤ ተጽናና» ተብሎ ይተረጐማል። ዝምታ ግን መጽናናት አይደለም።

የአገሩ ታሪክም የመርዶን ነገር አክብዶታል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ባቲ ከታላላቆቹ የተረጂዎች መጠለያዎች አንዱ የነበረባት ከተማ ናት፤ ቤተሰባቸው ያለቀባቸው ልጆች በዚያ ዘመን ያለ ሥርዐት ተለያይተዋል። በ2013 ዓ.ም. በጅሌ ጥሙጋና በአጣዬ አካባቢ በደረሰው ግጭት፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ በደረሰ ጊዜ ሰው ሞቷል፤ ቤተሰብ ተበትኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሬሳው ያልተገኘ፣ ሞቱም ያልተረጋገጠ ሰው አለ። ፖሊን ቦስ የተባለችው ተመራማሪ ይህን ያልተቋጨ እጦት ከኀዘን ዓይነቶች ሁሉ የሚከብድ ትለዋለች። ለሕፃኑ በዚህ ጊዜ የሚነገረው እውነት «አናውቅም፤ እየፈለግነው ነው፤ እስኪታወቅ ድረስ እኛ ከአንተ ጋራ ነን» የሚል ነው። ይህ ቃል ከሐሰተኛ ተስፋም ከችኩል መርዶም ይሻላል።

፮. አባት የሞተበትና እናት የሞተችበት

በእስልምና ሕግ የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ቁርኣን የየቲምን ገንዘብ መብላትን በብርቱ ይከለክላል፤ ነቢዩ መሐመድም ሳይወለዱ አባታቸው፣ በስድስት ዓመታቸው እናታቸው አሚና፣ በስምንት ዓመታቸው አያታቸው ዐብዱልሙጦሊብ እንደ ሞቱባቸው ይተረካል። ይህ ታሪክ በቁርኣን ቤት ለተቀመጠ የሙት ልጅ ታላቅ መጽናኛ ነው፤ ኀዘኑ የቅጣት ምልክት አለመሆኑን ያሳየዋልና።

አባት የሞተ እንደ ሆነ ባልቴቷ አራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፤ በዚህም ጊዜ በቤቷ ትሰነብታለች። የዒዳ ዓላማ ሌላ ቢሆንም ለሕፃኑ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አንዱን ወላጁን ባጣ ጊዜ ሌላይቱን በአጠገቡ ያገኛል። ዊልያም ዎርደንና ፊሊስ ሲልቨርማን በአሜሪካ በቦስተን አካባቢ በ70 ቤተሰቦች ውስጥ ወላጅ የሞተባቸውን 125 ልጆች ሁለት ዓመት ተከታትለው ያገኙት ውጤት ይህን ይደግፋል፤ ልጁ ኀዘኑን የሚችልበትን መጠን ከሁሉ አብልጦ የሚወስነው በሕይወት የቀረው ወላጅ አያያዝ ነው።

እናት የሞተች እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለባል ዒዳ የለበትም፤ ለዘመድ የተፈቀደው የኀዘን ጊዜ ሦስት ቀን ነው። አባት ከዚያ በኋላ ወደ እርሻው ወይም ወደ ንግዱ ይመለሳል፤ ልጆቹም ለአያት፣ ለአክስትና ለአጎት ይከፋፈላሉ። እናቱ የሞተችበት ልጅ በሕጉ የቲም አይባልም፤ የሚጠብቀውም የጊዜ ሥርዐት የለም። እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ ድጋፍ የሚያስፈልገው ትንሹ ልጅ ከሥርዐቱ የሚያገኘው ድጋፍ ከሁሉ ያነሰ ነው። ቅሬውና ዘመዶቹ ዓይናቸውን ሊጥሉ የሚገባቸው በዚህ ላይ ነው።

የልጆቹን አደራ በተመለከተ ኦሮሞ ጉዲፈቻ የሚባል የከበረ ልማድ አለው፤ ቃሉም ወደ አማርኛ ገብቶ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሕግ ስያሜ ሆኗል። በቀድሞው ልማድ ጉዲፈቻ ልጁን ወደ አሳዳጊው ዘር ይጨምረዋል፤ እስልምና ግን ማሳደግን እያመሰገነ የልጁ ስም በወለደው አባት እንዲጠራ ያዛል። ከኀዘን አንጻር ሲታይ ይህ ሁለተኛው ሥርዐት አንድ ጥቅም አለው፤ የሟቹ ስም ከልጁ ጋራ ይኖራል፤ መሞቱም ሊደበቅ አይችልም። የሚጎዳው ወንድማማቾችን በየቤቱ መበተን ነው፤ ወላጁን ያጣ ልጅ ወንድሙንም ከጨመረ ኀዘኑ እጥፍ ይሆናል።

፯. የልጅ መርዶ እንዴት ሊሆን ይገባል

ከላይ የተዘረዘሩት አምስቱ የመርዶ ነገሮች ለሕፃንም የሚያገለግሉ ናቸው። ተናጋሪው ልጁ የሚያምነው የቅርብ ዘመድ ይሁን፤ ቢቻል በሕይወት ያለው ወላጅ፣ ካልተቻለ አያት ወይም አክስት። ጊዜው ለቀስተኛው ቤቱን ሳይሞላ፣ ቢቻል ከቀብር በፊት ይሁን። ስፍራው የለመደው ቤት ይሁን። ቃሉ አጭርና ግልጽ ይሁን፤ «እናትህ ሞተች። ታምማ ነበር፤ ሐኪሞቹ ሊያድኗት አልቻሉም። ከእንግዲህ አትመለስም» ይባል። ደጋፊውም እስከ ማታ፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ቀኖች ከልጁ የማይለይ አንድ የታወቀ ሰው ይሁን። ልጁ በማግስቱ «መቼ ትመጣለች» ብሎ ቢጠይቅ እንደ አዲስ ይነገረው፤ ሕፃን መርዶን የሚቀበለው በአንድ ቀን ሳይሆን በብዙ ቀን ነውና።

ከዚህ ቀጥሎ ልጁ በሥርዐቱ ውስጥ ድርሻ ይሰጠው። የፈቀደ እንደ ሆነ ከመታጠቡና ከመከፈኑ በኋላ ይሰናበት፤ ያልፈቀደ አይገደድ። ለእንግዶች የእጅ ውሃ ቢያስታጥብ፣ የሰደቃውን ዳቦ ቢያድል ከማኅበሩ እንዳልተጣለ ይሰማዋል። በእስልምና ትምህርት ሰው ከሞተ በኋላም ከሚጠቅሙት ነገሮች አንዱ የደግ ልጁ ዱዓ ነው። ይህ ለሙት ልጅ የተሰጠ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ለሚወደው ሰው ገና ሊያደርግለት የሚችለው ነገር እንዳለ ያሳየዋል። የዘመናችን ተመራማሪዎችም ኀዘንተኛ ከሟቹ ጋራ ያለውን ትስስር መቍረጥ ሳይሆን መልኩን መለወጥ እንደሚያስፈልገው መጻፍ ከጀመሩ ቈይተዋል።

ልቅሶውም አይከልከል። ነቢዩ ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ጊዜ እንባቸው መፍሰሱ በሐዲስ ተመዝግቧል፤ የተከለከለው ፊት መንጨት፣ ልብስ መቅደድና ዋይታ ነው። ስለዚህ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው ተግሣጽ የሃይማኖት መሠረት የለውም። በሌላ በኩል ልጁ ጥቂት አልቅሶ ወዲያው ቢጫወት እንደ ልበ ደንዳና አይቈጠር፤ ሕፃን ኀዘንን የሚሸከመው በጥቂት በጥቂቱ ነው። የቀብር ጨዋታ ቢጫወት፣ አልጋ ቢያርስ፣ ሆዱን አመመኝ ቢል፣ ትምህርቱን ቢጠላ መምህሩና የቁርኣን ቤት ሼኹ ምክንያቱን ያውቁ ዘንድ አስቀድሞ ይነገራቸው።

ቅሬ ለመቃብሩ ቈፋሪ፣ ለቃሬዛው ተሸካሚ፣ ለእህሉ አብሳይ ይመድባል። ሕፃን ባለበት የኀዘን ቤት ሁሉ ለልጁ አንድ ሰው ቢመድብ ለልማዱ ባዕድ የሆነ ነገር አልጨመረም፤ ገንዘብም አያስወጣውም። የሚያስፈልገው ሕፃኑን ከኀዘንተኞቹ መካከል አንዱ አድርጎ መቍጠር ብቻ ነው።